የተመለሰው ሳህን

በሦስተኛው ፎቅ የምትሠራውን ነርስ በስሟ የሚጠራት ሰው ከጠፋ ቆይቷል። አልጋ ገፊዎቹ «ሲስተር ቀስ» ብለው ስም አወጡላት፤ ስሙም ደረጃውን ወርዶ እስከ ዘበኞቹ ደረሰ። አልጋ ሲገፋ «ቀስ»፣ መርፌ ሲወጋ «ቀስ»፣ በር ሲዘጋ «ቀስ» ማለት ልማዷ ነው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባል የለ፤ እሷ ግን እንቁላሉም ቢሆን መሄዱን ትቶ በአልጋ ይወሰድ ትላለች እያሉ ይቀልዱባታል። ስትሰማ ትስቃለች፤ ቀልዱ ግን አንድም ቀን አፍጥኗት አያውቅም።

ሰፋ ያለች ሴት ናት። ሰሞኑን ደግሞ ነጭ ጋውኗ ሆዷ ላይ እየጠበበ መጥቶ፣ አንደኛው ቁልፍ ዛሬ ነገ ሊበጠስ ደርሷል። የሥራ ጓደኞቿ «ምን ተገኘ?» እያሉ ይጎነትሏታል። ምክንያቱን የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ፤ እሷና መሀለኛው አልጋ ላይ የተኛችው መምህር።

መምህሯ ዕድሜዋን ሙሉ ሒሳብ አስተምራ ጡረታ የወጣች ሴት ናት። ካንሰሩ የጀመረው ከጨጓራዋ ነው። ሐኪሞቹ ሆዷን ከፍተው አዩና ምንም ሳይነኩ መልሰው ሰፏት፤ ከዚያ በኋላ የሚሰጧት መድኃኒት ሕመሙን ከማስታገስ አያልፍም። ጉንጯ ጎድጉዷል፣ ክንዷ ቀጥኗል፣ ዓይኗ ግን ያው የአስተማሪ ዓይን ነው። የጽዳት ሠራተኛዋ ባልዲዋን መሀል መንገድ ላይ ስታስቀምጥ እንኳ «እስቲ ደግመሽ አስቢበት» ትላታለች።

ባሏን ሁሉም ሰው ሼፍ ይለዋል፤ ሚስቱም ጭምር። በአንድ ትልቅ ሆቴል ማድ ቤት አርባ ዓመት ምግብ ሲያበስል ኖሯል። ልጅ አልወለዱም። እሱ ለእሷ፣ እሷ ለእሱ ሆነው ነው የኖሩት። በየቀኑ ምሳ ሰዓት ላይ በፎጣ የተጠቀለለ ድስት ታቅፎ ደረጃውን ይወጣል፤ አሳንሰር ሾርባ ያናውጣል ብሎ አይገባበትም። ነጩን ሳህን ያወጣል፣ ሾርባውን ይቀዳል፣ ፎጣውን ሚስቱ ጉልበት ላይ ያነጥፋል። ከዚያ ወጥቶ ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ ይቀመጣል።

ለምን አብሯት እንደማይቀመጥ ሲስተር ቀስ መጀመሪያ ሰሞን ጠይቃው ነበር።

«ሼፍ ሰው ሲበላ አያይም» አላት። «የሰው ፊት ይዋሻል፤ እንግዳ ለይሉኝታ ሲል ፈገግ ይላል። የማይዋሽ ነገር ቢኖር የተመለሰ ሳህን ነው። ሆቴሉ ውስጥ የበላተኛ ፊት አይቼ አላውቅም። ሳህኑ ባዶ ከመጣ፣ በቃ፣ ጥሟቸዋል ማለት ነው። ቤቴም እንደዚያው ነው። ይቺ የሰው ልጅን ሁሉ ስሕተት በቀይ እስክሪብቶ ስታርም የኖረች ሴት፣ የእኔን ሾርባ አንድ ቀን እንኳ አርማው አታውቅም።»

ይህን ሲናገር ደረቱ ይነፋል። ሲስተር ቀስ ሳህኑን ይዛ ስትወጣ በመጀመሪያ የሚያየው የሳህኑን ታች ነው፤ ቀጥሎ እሷን። ባዶ መሆኑን ካየ ጠራርጎ ይጠቀልልና እያንጎራጎረ ደረጃውን ይወርዳል።

ሳህኑ ደግሞ ሁልጊዜ ባዶ ነበር። የተንኮሉ ሥር እዚህ ላይ ነው።

በመጀመሪያው ቀን መምህሯ ሁለት ማንኪያ ቀምሳ ሁለቱንም አስመለሰቻቸው። ሲስተር ቀስ አፏን ጠርጋላት፣ ትራሷን አቃንታላት ሳትጨርስ «ልጄ፣ እባክሽ ይህን ሳህን ባዶ አድርጊልኝ» አለቻት። ሲስተር ቀስ ሳህኑን አንስታ ወደ መታጠቢያው ስታመራ መምህሯ እጅጌዋን ያዘቻት።

«አትድፊው። ሰውየው ከጠዋት ጀምሮ ቆሞ ያበሰለው ነው። ሰው ይብላው። አንቺ ምሳ በልተሻል?»

አልበላችም ነበር። ነርስ ምሳዋን በሰዓቱ የምትበላበት ሆስፒታል ካለ እስቲ ይነገረን። በአልጋው ዙሪያ ያለውን መጋረጃ ሳበችና አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ ጠጣችው። ካሮቱ ስስ ሆኖ ተከትፏል፣ የዶሮው ሥጋ ከአጥንቱ ተለይቶ ተበጣጥሷል፣ ቅባቱ ከላይ ተጠርጓል። እጅ ያለው ሰው የሠራው ነው። ጨው ብቻ የለውም። ለበሽተኛ ብሎ ነው የቀነሰው ብላ አሰበች። ከሦስተኛው ቀን ጀምሮ ግን ከቤቷ ቁንጥር ጨው በወረቀት ጠቅልላ በጋውኗ ኪስ መያዝ ጀመረች። ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ ነው ነገሩ።

«እንዴት ነው?» ትላታለች መምህሯ በየቀኑ።

«ይጥማል፣ እትዬ።»

«ውሸታም» ብላ ፈገግ ትላለች፤ ከዚያ ዓይኗን ጨፍና ትተኛለች። እንዲህ እንዲህ ሲሉ ሳምንታት አለፉ፤ የአንዷ ክንድ ሲቀጥን የሌላዋ ጋውን ይጠብባል።

ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው እንዲሉ፣ ጉዱ የመጣው ዶክተሩ መምህሯ ወደ ማስታመሚያ ቤት ትዛወር ባለ ጊዜ ነው። ማስታመሚያ ቤቱ ከከተማው ጫፍ ላይ ያለ ባለ አንድ ፎቅ ግቢ ነው። እዚያ ቢላዋና ከባድ መድኃኒት የለም፤ የሕመም ማስታገሻ ይሰጣል፣ ገላ ይታጠባል፣ ቤተሰብ እንደ ልቡ ይገባል ይወጣል። ሲስተር ቀስ ብዙ ሰው ወስዳለች። ወስዳለች ሲባል እንደ ሌሎቹ አሳፍራ ልካለች ማለት አይደለም። አብራ ሄዳ፣ አልጋቸው በየት በኩል እንደሚዞር አይታ፣ አዲሷን ነርስ ከበሽተኛው ጋር አስተዋውቃ ነው የምትመለሰው። አለቃዋ ይህን ልማድ ሊያስተዋት ሞክሮ ደክሞት ተወ።

መምህሯ ወሬውን ስትሰማ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነበር። «መስኮት አለው?»

«አለው፣ እትዬ። ከመስኮቱ ውጭ ዛፍ አለ።»

«እሰይ። ይህን ጣሪያ ስንት ጊዜ ቆጠርኩት መሰለሽ።»

ሼፉ ግን እሺ አላለም። ዶክተሩ ክፍል ገብቶ ባዶውን ሳህን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። «እየበላች ያለችን ሴት ነው ሞት መጠበቂያ ቤት የምትወስዱት?» አለ። «ሳህኑን እዩት። በየቀኑ እንዲህ ነው የሚመለሰው። የምትበላ ሰው ትድናለች። እንደገና ቅደዱና የታመመውን አውጡት።»

ዶክተሩ ገና ወጣት ነው፤ ቅን ሰው ስለሆነ ሳህን ሲያሳዩት ይደናገራል። ሼፉን ከሸኘ በኋላ ሲስተር ቀስን አስጠራት።

«ሲስተር፣ አንቺ መምህሯ አይበሉም ትያለሽ፤ ባለቤታቸው ይበላሉ ይላሉ። ሳህኑ ደግሞ ባዶ ነው። ታዲያ ሾርባው የት ነው የሚገባው?»

ሲስተር ቀስ ያንን የተጨነቀ ቁልፏን ቁልቁል አየችው። «እዚህ» አለች።

ዶክተሩ መጀመሪያ አልገባውም። ሲገባው ሳቀ። ወዲያው ደግሞ ሳቁን ዋጠና «እንግዲያው እኔ ብነግራቸው አልጋ ለማስለቀቅ ነው ይሉኛል። የበላሽው አንቺ ነሽ፤ አንቺው ንገሪያቸው። ማስታመሚያ ቤቱ አልጋውን ከነገ ወዲያ በላይ አይጠብቅልንም» አላት።

ሲስተር ቀስ ከዚያ ክፍል ስትወጣ አፈረች። ደግ የሠራች መስሏት ነበር። አሁን ስታየው፣ ደግነቷ መምህሯን ከዚያ ጣሪያ ሥር ቸንክሮ ያስቀራት፣ ይባስ ብሎም ለሌላ ቢላዋ አሳልፎ የሚሰጣት ነገር ሆኗል። አልጋው ዘንድ ሄዳ ጎንበስ አለች።

«እትዬ፣ እርስዎ ራስዎ ቢወስኑ እኮ የሚከለክልዎት የለም። ይፈርማሉ፣ እንሄዳለን።»

«ፈርሜ ልሄድ እችላለሁ» አለች መምህሯ። «ግን እሱ ሳያምንበት ከሄድኩ፣ እዚያም አኩርፎ ኮሪደር ላይ ይቀመጣል። እኔ ደግሞ የቀረችኝን ጊዜ የእሱን ጀርባ እያየሁ ልጨርሳት ነው። አብሮኝ እንዲመጣ ነው የምፈልገው፣ ልጄ። ልነግረው አፌን ስከፍት ዓይኑን አየውና ይጠፋብኛል።»

«እኔ ልንገራቸው?»

መምህሯ በበሩ በኩል የኮሪደሩን ወንበር አየች። «በሚያውቀው ቋንቋ ንገሪው» አለች።

በማግስቱ ሼፉ እንደ ልማዱ መጣ፤ ቀዳ፤ ፎጣውን አነጠፈ፤ ወጥቶ ጀርባውን ሰጥቶ ተቀመጠ። ሲስተር ቀስ መጋረጃውን አልሳበችም፤ ኪሷ ውስጥ ያለውን ጨውም አልነካችውም። ጥቂት ጠበቀችና ሳህኑን እንደሞላ በሁለት እጇ ያዘች። አንዲት ጠብታ እንዳይፈስ ለራሷ «ቀስ» እያለች ኮሪደሩን አቋረጠች። ሼፉ ኮቴዋን ሰምቶ፣ ዞር ሳይል፣ እንደ ሁልጊዜው እጁን ዘረጋ። ሳህኑ ከበደው።

ሳህኑን ጉልበቱ ላይ አሳርፎ ሾርባውን አየው።

«ምን ጎደለው?» አለ።

ጨው ልትል ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ መለሰችው፤ ጊዜው አልነበረም። «ምንም አልጎደለው፣ ጋሼ። እትዬ መብላት አይችሉም። ሆዳቸው አይቀበልም። ከመጀመሪያውም አልተቀበለም።»

«ትናንት ባዶ ነበር።»

«ትናንት እኔ ነኝ የበላሁት።»

«ከትናንት ወዲያስ? የካሮቱ?»

«እሱንም እኔ ነኝ።»

«የድንቹስ?»

«የድንቹንም።»

«ያ እሑድ ያመጣሁት የዶሮው…»

«እሱንማ ጨምሬ ቀድቼ ነው» አለች ሲስተር ቀስ። «ይቅር ይበሉኝ። እትዬ እንዳይደፋ ለመኑኝ። እርስዎን ማስደሰት እንጂ ማታለል አልመሰለኝም ነበር።»

አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻላት ነበር። «ቤት እየገባሁ እኮ ግድግዳውን አናግረው ነበር» አለ ሼፉ። «ዛሬም ጨረሰችው እያልኩ።» ከዚያ ሳህኑን እንደሞላ ወንበሩ ላይ አስቀመጠ፣ ድስቱንና ፎጣውን ለመውሰድ እንኳ ወደ ክፍሉ ሳይገባ ደረጃውን ወረደ። ማንጎራጎሩ አልተሰማም።

ሲስተር ቀስ ሆድ ብሷት ተመለሰች። «ሳይናገሩ ሄዱ» አለቻት ለመምህሯ።

«ይመጣል» አለች መምህሯ። «ሳህን ሲመለስበት እንዲህ ነው። ጠባዩን አውቀዋለሁ።» ይህን ብላ ግን የብርድ ልብሱን ጫፍ ጨምድዳ ያዘች።

በማግስቱ የመጨረሻው ቀን ነበር። ምሳ ሰዓት ደረሰ፤ አግዳሚው ወንበር ባዶ ነው። ሲስተር ቀስ ከአንዱ አልጋ ወደ ሌላው ስትዞር ዓይኗ ከዚያ ወንበር አልተነቀለም። ከማስታመሚያ ቤቱ ተደወለ፤ አልጋውን የሚፈልግ ሌላ ቤተሰብ አለ ተባለች። «እስከ ማታ ጠብቁኝ፣ እኅቴ፣ በሞቴ» አለች። በሞቴ የምትለው ነገር ሲብስባት ብቻ ነው።

ሼፉ የመጣው ከሰዓት በኋላ ነው። ድስት አልያዘም። የድስት ልማድ ያለው እጁን የት እንደሚያደርገው ጨንቆት አንዴ ኪሱ ይከተዋል፣ አንዴ ያወጣዋል። ወንበሩን አልፎ ቀጥ ብሎ ወደ ክፍሉ ገባ፤ መቀመጫ ሳበና ከሚስቱ ፊት ለፊት ተቀመጠ። ሲስተር ቀስ ልትወጣ ስትል መምህሯ በዓይኗ አስቀረቻት።

«ምን ትፈልጊያለሽ?» አላት ሚስቱን። አርባ ዓመት የእንግዳ ትእዛዝ በብጣሽ ወረቀት ሲቀርብለት የኖረ ሰው፣ ፊት ለፊት ተቀምጦ ሲጠይቅ ይህ የመጀመሪያው ነበር።

«መስኮት» አለች መምህሯ። «መርፌ አልፈልግም። ቢላዋም አልፈልግም። አንተ እንዲህ እንድትቀመጥልኝ እፈልጋለሁ።»

«ሾርባስ?»

«ሽታውን። ሽንኩርት ስታቁላላ ቤቱን የሚሞላው ሽታ ናፍቆኛል። እዚህ የሚሸተው መድኃኒት ብቻ ነው።»

ሼፉ አንገቱን ደፋ። ትከሻው አንዴ ወጣ፣ ወረደ። መምህሯ ቀጭን እጇን ራሱ ላይ አሳረፈች፤ ሲስተር ቀስም ወደ ባዶው ግድግዳ ዞራ የሌለ የመስኮት መጋረጃ አስተካከለች። ሼፉ ቀና ሲል ፊቱን በመዳፉ ጠረገ።

«ሲስተር፣ ያ ቤት ማድ ቤት አለው?»

«አለው፣ ጋሼ። ከክፍላቸው ሁለት በር አልፎ ነው።»

«እሳቱ የጋዝ ነው ወይስ የኤሌክትሪክ?»

ይህን አታውቅም ነበር። ስልክ ጋ ሄደች፤ ሮጠች ቢባል ከእሷ ጋር የሠራ ሰው አያምንም፤ ግን ሮጣለች። የማስታመሚያ ቤቱ ነርስ እስከ ዛሬ ይህን የጠየቀ ቤተሰብ የለም ብላ እየሳቀች መለሰችላት።

«የጋዝ ነው ተብሏል» አለች ሲስተር ቀስ እያለከለከች።

ሼፉ ነገሩን አመዛዘነ። «የጋዝ ከሆነስ ደግ ነው» አለና ኮቱን አውልቆ የሚስቱን ልብሶች ማጠፍ ጀመረ።

አምቡላንሱ ውስጥ ሼፉ ከሚስቱ ራስጌ፣ ሲስተር ቀስ ከግርጌዋ ተቀመጡ። ሾፌሩ ጉድጓድ በቀረበ ቁጥር ከኋላ «ቀስ» ሲባል ሰምቶ፣ መጨረሻ ላይ እሱ ራሱ ቀድሞ «ቀስ» ማለት ጀመረ። ሲደርሱ ሲስተር ቀስ አልጋውን ሁለት ጊዜ አስዞረች፤ መጀመሪያ ዛፉ ብቻ ታየ፣ ቀጥሎ ዛፉና ሰማዩ። የቤቱን ነርስ እጇን ይዛ ወደ አልጋው አመጣቻት። «እትዬ መምህር ናቸው፤ ስሕተት አያልፉም። ግራ ጎናቸውን ያማቸዋል፣ በቀኝ ነው የሚያስተኟቸው። እሳቸው ደግሞ ባለቤታቸው ናቸው፤ ማድ ቤቱን ይፈልጉታል» ብላ አስረከበች።

ሼፉ ግን ይህ ተነግሮ ሳያልቅ ማድ ቤት ገብቶ ነበር። ትንሽ ቆይቶ የሽንኩርቱ ሽታ በኮሪደሩ መጣ። በሌሎቹ ክፍሎች ያሉ ሰዎች ድምፅ ሲነቃቃ ተሰማ፤ አንድ ሽማግሌ «ማነው የሚያበስለው?» ሲሉ ጠየቁ። መምህሯ ዓይኗን ጨፍና ሽታውን በረጅሙ ሳበች፤ ትንፋሿን ስታስወጣ ትከሻዋ ከትራሱ ላይ ላላ አለ። ሲስተር ቀስ ያን ያህል ቀልሏት አይታት አታውቅም።

ሼፉ ሾርባውን ሳህን ላይ ይዞ መጣና እንደ ልማዱ ሊወጣ ዞረ። ከዚያ ትዝ አለውና ተመልሶ ተቀመጠ። ሲስተር ቀስ በእንጨት ጫፍ ላይ የተሰካች ትንሽ ስፖንጅ ሰጠችው።

«መብላቱ ቢቀርም አፍ ይደርቃል፣ ጋሼ። በጨርቅ ካጣሩት በኋላ ሲበርድ በዚህች ነክረው ከንፈራቸውንና ምላሳቸውን ያርሱላቸው። አንዲት ጠብታ ብቻ።»

ሼፉ አጣራ፤ እስኪበርድ ጠበቀ። ትልልቅ ድስት ሲያነሳ በኖረው እጁ ያችን ስፖንጅ ነከረ። «ቀስ» አለ ለራሱ። ከንፈሯን አራሰ፣ ምላሷን ነካ አደረገ፤ ፊቷንም አየ። መምህሯ ጠብታዋን አፏ ውስጥ አዟዟረቻት። አንድ ዓይኗን ገለጠችና የተማሪ ደብተር እንደምታይ አየችው።

«ጨው ያንሰዋል» አለች።

ሼፉ ክው አለ። «ምን አልሽ?»

«ጨው ያንሰዋል። ከተጋባን ጀምሮ ያንሰዋል።»

«እንዴት ይሆናል? ሆቴሉ ውስጥ ሁሉም ሳህን ባዶ ነበር የሚመለሰው።»

«ሆቴሉ ጠረጴዛ ላይ ጨው ነበራ» አለች መምህሯ ድካም በተጫነው ድምፅ፣ ግን ተማሪዋ እስኪገባው በትዕግሥት እየጠበቀች። «እኛ ቤት ደግሞ አንተ ጨው ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጥ ሼፉን መናቅ ነው ትል ነበር።»

ሼፉ ምስክር ፍለጋ ወደ ሲስተር ቀስ ዞረ። የሲስተር ቀስ እጅ ሳታዘው ኪሷ ገብቶ ነበር። የተጠቀለለውን ወረቀት አወጣች፣ ፈታችው፣ ከሳህኑ አጠገብ አስቀመጠችው።

ሼፉ ጨውን አየ። የተጨነቀውን ቁልፍ አየ።

«አንቺም?» አላት።

«ከሦስተኛው ቀን ጀምሮ፣ ጋሼ።»

ሳቁ ከሆዱ ነው የተነሳው። መጀመሪያ ትከሻው ተንቀጠቀጠ፣ ቀጥሎ ወንበሩ፤ እንባው በጉንጩ እየወረደ ሳቀ። መምህሯም ሆዷን ይዛ፣ ያማታልና ቀስ ብላ፣ አብራው ሳቀች። ሳቁ ሲበርድለት ሼፉ በሁለት ጣቱ ቆንጠር አድርጎ ሾርባው ውስጥ ጨመረ፣ አማሰለ፣ ስፖንጇን እንደገና ነከረ። ወንበሩን ወደ አልጋው አስጠግቶ፣ ሳህኑን ጉልበቱ ላይ ረስቶት፣ ጠብታዋን ወደ ከንፈሯ አደረሰ።

«አሁንስ?» አላት፣ ፊቷን እያየ።